ከሚስማሩ የወረደችው ቆርቆሮ

ሾርባው ቀርቦ፣ እናቷ ለእንግዶቹ ዳቦ እያዞሩ ሳለ፣ መሐረብ ልታወጣ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ያገኘችው ግን መሐረብ አልነበረም። ጣቶቿ የነኩት ክብ፣ ቀዝቃዛና ስስ ቆርቆሮ ነው። ልቧ ስንጥቅ አለ።

እናንተዬ፣ ከብርጭቆ አፍ የማትሰፋ ቆርቆሮ ሰውን ምን ታደርጋለች ብላችሁ እንዳትስቁ። የእነዚህን ሰዎች ነገር ከሥሩ ላጫውታችሁና ከዚያ ፍረዱ።

ከከተማው ጀርባ ድሮ ኖራ ይቃጠልበት የነበረ ጉብታ አለ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር አንድ ብርዳማ ጠዋት እዚያ ሲንሸራሸሩ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ እንፋሎት ሲወጣ አዩ። እሳት የለ፣ ምድጃ የለ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ቢሰዱ ለብ ያለ ነፋስ መዳፋቸውን ዳሰሳቸው። "ይሄ መሬት ይተነፍሳል፤ ሆዱ ባዶ ነው" አሉና በሳምንቱ ዶማ ይዘው ተመለሱ። ሰው ሁሉ ጡረታ አናታቸው ላይ ወጣ ሲል፣ ሦስት ሰዎች ብቻ ተከተሏቸው። አንዱ ድምፁ ሰፈር የሚያስነሳ መካኒክ ነው፤ ክላክስ ይሉታል። አንዷ በእናቷ ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ ናት፤ ሽሮፕ ብለው ሰየሟት። ሦስተኛው የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ነው፤ እሱን መሮ አሉት። አንዳቸውም ስለ ዋሻ የተማሩት ነገር የለም። ያላቸው እሑድ ብቻ ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ በየእሑዱ ጭቃና ጠጠር በባልዲ ሲያወጡ ከረሙ። ከኖራ ድንጋዩ ሥር ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወጋባት ክፍል ተገኘች፤ ሳሎን አሏት። ከሳሎኗ ወደ ውስጥ የምትሄደውን፣ ሁለት ጊዜ የምትጠማዘዘውን ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ጉሮሮ አሏት። በጉሮሮዋ የሚታለፈው በሆድ ተስቦ ነው። እዚያ ውስጥ መዶሻ ቢወርድ ውጪ ላለ ሰው አይሰማም።

መምህሩ ሰሌዳ የሠሩት ለዚህ ነው። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ በቆመ ሳንቃ ላይ ሚስማሮች ተመትተዋል። እያንዳንዱ ሰው ቅጽል ስሙ የተበሳባት ቆርቆሮ አለችው። ሲገባ ይሰቅላታል፣ ሲወጣ ያወርዳታል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ዋሻው ባዶ ነው፤ ሰው እንዳይወድቅበት የብረት ክዳኑ ተገጥሞ ይቆለፋል። በሳንቃው ራስ ላይ በመምህሩ የተማሪ ቤት ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ "የሰው ቆርቆሮ አይነካም። ከሦስት ሰው በታች ሥራ የለም።"

ሽሮፕና መሮ የራሳቸው የሆነ ሌላ ሕግ ነበራቸው። አብረው ሲገቡ ሁለቱን ቆርቆሮ አንድ ሚስማር ላይ ይደርባሉ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ክላክስ ባየ ቁጥር "ሚስማር አልቆብን ነው እንዴ?" ብሎ ይጮሃል፤ እሷ እንደ ቲማቲም ትቀላለች፤ መሮ ግን ቀስ ብሎ ያያታል። ድንጋይ ከመጥረቡ በፊት የት ጋ እንደሚሰነጠቅ የሚያጠናበት አስተያየት ነው። በዕድሜዋ ማንም እንዲህ ጊዜ ወስዶ አይቷት አያውቅም።

ችግሩ እናቷ ናቸው። አይ፣ ልክ አልተናገርኩም፤ ችግሩ እሷው ናት። የአባቷን የመቃብር ድንጋይ የጠረበው መሮ ነው። ያኔ ጽሑፉን ሊያሳይ ቤት ሲመጣ እናቷ በር ላይ አቁመው "እጅህን ታጥበህ ግባ" ያሉትን አትረሳውም። በዚያን ቀን በእናቷ አፍራ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ነገ ለእማዬ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ስትል ከረመች።

ወደ ዛሬ ጠዋት እንምጣ። መሮ፣ ሌሎቹ አሁን ይደርሳሉ በሚል፣ ጉሮሮዋን ልጨርሳት ብሎ ከሁሉም ቀድሞ ገብቷል። ቀጥላ የደረሰችው እሷ ናት። "መሮ" የምትለዋ ቆርቆሮ ብቻዋን ተሰቅላ አገኘቻት፤ ፈገግ ብላ የራሷን ልትደርብ ስትል የመኪና ድምፅ ሰማች። የእናቷ መኪና ናት። ከኋላዋ የክላክስ አሮጌ ፒክአፕ መምህሩን ይዛ ትከተላለች። እናቷ ይሄን የምትሞትለትን ጉድጓድ ካላየሁ ብለው ሳይነግሯት መጥተዋል።

አሁን ልብ በሉ። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልገፋፋትም። የመሮን ቆርቆሮ ከሚስማሩ አወረደችና ኪሷ ከተተቻት። ዐሥር ደቂቃ ብቻ፤ እማዬ አይታ እስክትሄድ።

"መሮ የለም እንዴ?" አሉ መምህሩ ሰሌዳውን እያዩ።

"ዛሬ አልመጣም ጋሼ።"

እናቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ። "ውስጥ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ያ የአባትሽን ድንጋይ የጠረበው ሰውዬ አብሯችሁ ይቆፍራል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?"

"አንዳንዴ ባልዲ ሊያነሳልን ይመጣል" አለች። "ሠራተኛ ነው እማዬ።"

መምህሩ ቀና ብለው አዩዋት። ክላክስ ፊቱን ወደ ፒክአፑ መለሰ። እሷም ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ የገዛ ጫማዋን ታይ ጀመር።

ከዚያ እናቷ "በይ ግቢ፣ እንግዶች አሉብኝ" ብለው ክንዷን ይዘው ወደ መኪናው ወሰዷት። የረሳሁት ነገር አለ ብላ መመለስ ትችል ነበር። አልተመለሰችም። ጋሼና ክላክስ እስከ ዐሥር ሰዓት እዚያው ናቸው፣ እሱም ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል፣ ቆርቆሮዋን በሳቅ አስረክበዋለሁ ብላ ራሷን ሸነገለች። መሮ አልመጣም ካለች፣ እሷም ከሄደች፣ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ አላሰበችም።

አሁን፣ ሾርባው ፊት ለፊቷ እየጨሰ፣ አሰበች።

ከጠረጴዛው ተነስታ ክላክስ ጋ ደወለች። "የት ናችሁ?"

"ቤቴ ነኛ!" የክላክስ ድምፅ ከስልኩ አልፎ የምግብ ክፍሉን ሞላው። "ጋሼና እኔ ሁለት ነን፣ ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ቆልፈን ከመጣን ሦስት ሰዓት አለፈን። ምነው?"

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከጠረጴዛው ዙሪያ ግን ሁሉም ያዩዋታል። "መሮ... ቤቱ አልገባም አሉ። ውስጥ እንዳይሆን" አለች። ይሄም ውሸት ነው። በአንድ ቀን ስንተኛዋ እንደሆነ እናንተ ቁጠሩ።

እናቷ ለእሷ ያሰቡት ወጣት ሐኪም ከእንግዶቹ መሃል ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ማንኪያውን አስቀምጦ "መኪናዬ በር ላይ ነው። የተጎዳ ሰው ቢኖርስ? እንሂድ" አለ። ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። እናቷም ኮታቸውን ደርበው ከኋላ ገቡ።

ሲደርሱ የክላክስ ፒክአፕ በሮቿ እንደተከፈቱ ቆማለች። ክዳኑ ተነስቷል፤ ክላክስ ራሱ ገመድ ይዞ ወርዷል። መምህሩ ግን ሰሌዳው ሥር በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ሳሩን ይዳብሳሉ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ቆርቆሮውን እየፈለግኩ ነዋ። ያ ልጅ ሳይሰቅል አይገባም። ነፋስ አውርዶት ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ይሄ የኔ ዓይን!" ሳሩን በመዳፋቸው ገለጡ። "ባዶ ሳንቃ አምኜ በሰው ላይ ቆለፍኩበት። ከእንግዲህ በዚህ ሰሌዳ ፊት የምቆምበት ምን ፊት አለኝ ልጄ?"

የተንበረከኩት ሽማግሌ ከሳሩ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር እሷ ኪስ ውስጥ ነው። መሬት ተከፍታ እንድትውጣት ተመኘች። የተከፈተ መሬት ደግሞ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የክላክስ ቆብ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ መሮ። ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ ለብሷል። የግንባሩ ባትሪ ጠፍቷል። ክዳኑን በድንጋይ ሲደበድብ የቆየ እጁ መገጣጠሚያው ላይ ተልጧል። ብርሃኑን አልቻለውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማን የት እንደቆመ ሳያይ፣ የመጀመሪያ ቃሉ "ሽሮፕስ? ደህና ናት?" የሚል ነበር።

እሷ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች።

ዓይኑን ገለጠና አያት። "እሰይ" አለ፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሐኪሙ እጁን ሊያይለት ሲጠጋ "እኔ ምንም አልሆንኩም" ብሎ ሳቀ።

"ልጄ" አሉ መምህሩ ከሳሩ ላይ ሳይነሱ፣ "ቆርቆሮህን አልሰቀልክም ነበር?"

መሮ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ባዶውን ሚስማር አየ። ከዚያ ኮታቸውን ደርበው የቆሙትን እናቷን አየ። ከዚያ እሷን፣ ቀስ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ። የት ጋ እንደተሰነጠቀ ሲያገኘው ፊቱ ላይ አየችው።

"አልሰቀልኩም ይሆናል ጋሼ" አለ። "ረስቼ ነው። ይነሱ ከሳሩ፣ ይበርድዎታል።"

"አንተ? ስምንት ወር ረስተህ የማታውቅ?"

"ዛሬ ረሳሁ።"

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ዝም ብትል እናቷ አያውቁ፣ መምህሩ አያውቁ፣ ሐኪሙ አያውቅ። ሁሉም ቤቱ ይገባል። እሱ ብቻ አውቆ፣ ጥፋቷን ተሸክሞላት፣ ሁለተኛ እንዲያ ቀስ ብሎ አያያትም። ይሄን ስታስብ ከእፍረቱ የሚብስ ነገር እንዳለ ገባት።

እጇን ከኪሷ አወጣች። መዳፏን ዘረጋች።

"ጋሼ፣ ይነሱ። እዚህ ናት።"

"ጠዋት ተሰቅላ ነበር። እኔ ነኝ ያወረድኳት። እማዬ ስትመጣ አየሁና... አፈርኩበት።" ቀጠለች። "አልመጣም ያልኩት ውሸት ነው። ሠራተኛ ነው ያልኩትም ውሸት ነው። እወደዋለሁ። እየወደድኩት ነው ያፈርኩበት። አሁንም ጋሼ፣ እርስዎን ተንበርክከው እያየሁ ዝም ልል ነበር።"

"ወይ ጉድ!" አለ ክላክስ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ።

እናቷ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። "እኔን ፈርተሽ ነው? እኔን ፈርተሽ ሰው ከነሕይወቱ ልትቀብሪ?"

"አንቺን አይደለም እማዬ። አንቺ ፊት የሚኖረኝን ፊት ነው የፈራሁት።"

መሮ ተነሳ። ቆርቆሮውን ከመዳፏ ላይ ሲያነሳ ጣቱ ጣቷን እንዳይነካ ተጠነቀቀ። ያቺ ጥንቃቄ ከጥፊ ይልቅ አመመቻት። "ባትነግሪኝ ይሻል ነበር ልልሽ ነበር" አለ። "አይሻልም።" ከዚያ ክላክስን "ውሰደኝ" አለውና ሳያያት ሄደ። እሷ ባዶ መዳፏን እንደዘረጋች ቀረች።

ረቡዕ ዕለት መምህሩ ፋርማሲው መጡ። የዋሻውን ልኬት የሚመዘግቡበትን ደብተር ይዘዋል። መሮ ሁሌም ወደ ውስጥ ይዞት የሚገባው ነው። አንዷን ገጽ ቀደው ባንኮኒው ላይ አኖሩላት። "ያንቺ ናት። አላነበብኳትም" አሉ፤ ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አንብቤያታለሁ። ዕድሜ ሰውን ባለጌ ያደርጋል፣ ይቅር በዪኝ።" ይቅር በዪኝ ሲሏት አንገቷን ደፋች። ይቅርታ መጠየቅ የነበረባት እሷ ናት።

በእርሳስ፣ በጨለማ የተጻፈ ነው። መስመሮቹ አንዱ ካንዱ ላይ ወጥተዋል።

"ሽሮፕዬ፣ ባትሪው አልቋል፣ የምጽፈው አይታየኝም። ክዳኑን ደበደብኩ፣ ሰሚ የለም። ቆርቆሮዬን ስታዪ ውስጥ እንዳለሁ ታውቂያለሽ። አውቀሽ ትተሽኝ አትሄጂም። ስለዚህ አንቺን አንድ ነገር አግኝቶሻል። መንገድ ላይ መኪና ገጭቷት ይሆን እያልኩ ልቤ ቆሟል። ጨለማውስ ምንም አይደለም። ደህና ሆነሽ ይሄን ካነበብሽ ግን በፍርሃቴ አትሳቂብኝ። ጉሮሮዋ ተከፍታለች። ከወዲያ ማዶ ነጭ ክፍል አለ፣ ጣራው ሁሉ ያበራል። በባትሪ አየሁት እንጂ አልገባሁም። ሁለታችን እንገባለን ብዬ ተውኩት።"

ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ተቀምጣ አለቀሰች። አንድ ደንበኛ የሳል መድኃኒት ፈልጎ ባንኮኒውን ሲያንኳኳ እናቷ አስተናግደው ሸኙት፣ መጡና ወረቀቷን ከእጇ ወስደው መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ያኔ እጅህን ታጥበህ ግባ ብዬዋለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ እማዬ።"

"ታጥቦ ነበር የመጣው። አይቼ ነበር።" ወረቀቷን አጥፈው መለሱላትና ወደ ባንኮኒው ሄዱ። ሁለቱም የሚያፍሩበት ነገር አንድ ሆኗል።

እሑድ ደረሰ። መምህሩ የሰሌዳው ሕግ ለማንም አይዛነፍም ብለው ፈርደዋል፤ ሽሮፕ ለሦስት ወር ውስጥ አትገባም፣ ውጪ ባልዲ ትጎትታለች። እሺ ብላ ከሁሉም ቀድማ መጣች።

መሮ ሲመጣ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። አጠገቧ ቆመ። ከኪሱ ቆርቆሮውን አወጣና ዘረጋላት። "አንቺው ስቀዪው።"

"እኔ?"

"ይቅር አላልኩሽም። ገና ነኝ።" አሁን ዓይኗን አያት። "ስወጣ ግን እዚህ ላግኝሽ።"

ሰቀለችው። የራሷን የመደረብ መብት የላትም፤ ብቻውን ተንጠለጠለ።

"እንግዲህ ነጩን ክፍል ዛሬ እናየዋለን!" ብሎ ክላክስ እጁን አፋተገ።

"አይሆንም" አለ መሮ ቆቡን እያጠለቀ። "ጉሮሮዋ ገና ጠባብ ናት። ሥራ አላት።"

"ስንት ጊዜ የሚፈጅ ሥራ?"

"ሦስት ወር።"

"ትናንት ተከፍታለች አላልክም እንዴ አንተ ሰውዬ?" ክላክስ መጮህ ሲጀምር መምህሩ በክርናቸው ጎሸሙት። መሮ ወርዶ ነበር። እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያልተገባትን ደግነት የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

ረፋዱ ላይ የእናቷ መኪና መጣች። ዛሬ አፍንጫቸውን በመሐረብ አልያዙም። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ። ባለፈው እሑድ የጠየቁትን ያንኑ ጥያቄ ጠየቋት።

"ውስጥ ሰው አለ?"

መምህሩ ገመዱን መሳብ አቆሙ። ፊቷ እንደ እሳት ሲነድ ተሰማት፤ ያ እፍረት የትም አልሄደም፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። አንገቷን ግን አልደፋችም።

"አለ እማዬ" አለች፣ ክላክስን በሚያስንቅ ድምፅ። "የኔ ሰው አለ።"

እናቷ መሐረባቸውን ድንጋይ ላይ አነጠፉና ተቀመጡ።

"እንግዲያው እስኪወጣ እንጠብቃለን" አሉ።